በሁለት ሞተር ወደ ጮቄ

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሦስት ሰዎች በሁለት ሞተር ከደብረ ማርቆስ ወጣን። ዓላማችን ጮቄ ተራራ ላይ ወጥተን፣ አገሩን አይተን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መመለስ ነበር። ጉዞው ከታሰበ ገና አንድ ቀን እንኳ አልሞላውም።

ነገሩን ያነሳው አበባው ነው። አበባው የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ። ቅዳሜ ሦስታችን ምሳ ስንበላ ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለነበር ተራራው ከቤቶቹ ጣራ በላይ ወለል ብሎ ይታይ ነበር።

«ይታይሽ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሞላኝ» አለኝ። «ተማሪዎቼን ‹ወንዞቻችን የሚነሱት ከዚያ ነው› እያልኩ በጣቴ አሳያቸዋለሁ። እግሬ ግን ረግጦት አያውቅም።»

«እኔም ሄጄበት አላውቅም» አለ ጀማል። ጀማል የይጁቤ ልጅ ነው፤ ማርቆስ ውስጥ የሞተር መለዋወጫ ዕቃ ሱቅ አለው። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። በአምበር ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ከብት ለማከም የምዞረው በሞተር ስለሆነ፣ ዕቃ እገዛለሁ እያልኩ ሱቁ ስመላለስ ነው የተዋወቅነው።

«ታዲያ ነገ አንሄድም?» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።

ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት

ዕቅዱን ያወጣነው ጀማል ሱቅ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠን ነው። ቤንዚን ማፈላለጉን ጀማል ወሰደ። አበባው ወፍራም ልብስና ውሃ፣ እኔ ደግሞ የሥራ ቦርሳዬን ከነፋሻው ልንይዝ ተስማማን። የቀረው ትልቁ ጥያቄ መንገዱ ነበር። በዚህ ዘመን ሞተር ይዞ ከከተማ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ ስልክ ይደውላል። ጀማል መንገዱ ላይ ባለችው ሮብ ገበያ ለሚሠራ አንድ ጎማ ጠጋኝ ደንበኛው ደወለና ድምፁን ከፍቶ አሰማን።

«መንገዱ ሰላም ነው?»

«ለአሁኑ ሰላም ነው። ለሚቀጥለው ሳምንት ግን ዋስ አልሆንም። በጠዋት ኑ፤ ከሰዓት በኋላ ጉም አለ። ደግሞ ከአሥር ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ እንዳትገኙ።»

አበባው «ወይ ነገ፣ ወይ መቼም» አለና እጁን አጨበጨበ። ያኔ ጀማል ወደ እኔ ዞረ።

«ያዘዝሽው የፍሬን ሸራ የሚደርሰው ማክሰኞ ነው። የኋላው ፍሬንሽ እስከዚያ ይበቃሻል?»

እውነቱ ይህ ነው። ሐሙስ ዕለት መካኒኩ የኋላውን ጎማ ፈትቶ አሳይቶኛል፤ ሸራው አልቆ ብረቱ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። «ከተማ ውስጥ ቀስ እያልሽ ንጂ፤ ቁልቁለት ግን እንዳትሞክሪ» ብሎኛል። ይህን ብናገር ጀማል ጉዞውን እንደሚሰርዘው አወቅሁ። በነገር ሁሉ ላይ ቀልድ ይወዳል፤ በፍሬን ግን አይቀልድም።

«ለጥንቃቄ ነው ያዘዝኩት። ገና ነው» አልኩት።

እሑድ፣ መውጫው

ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ አስቆሙን። ፈታሹ ወጣት ነው፤ መታወቂያችንን አንድ በአንድ አገላብጦ አየ።

«ወዴት ናችሁ?»

«ጮቄ» አለ ጀማል።

«ምን ልትሠሩ?»

«ልናየው ነው።»

«ልታዩት?» ፊታችንን ተራ በተራ ተመለከተ። «ተራራውን?» ቦርሳዬን አስከፈተኝ፤ የከብት መርፌና መድኃኒት ሲያይ ጭራሽ ግራ ገባው። ትንሽ አቆይቶ ለቀቀን። «ሳይመሽ ተመለሱ» አለን፤ እንደ ምክርም እንደ ማስጠንቀቂያም ነበር።

መንገዱ ጠጠር ነው፤ ቦታ ቦታውን ውሃ ሸርሽሮታል። አበባውን ከኋላዬ ጭኛለሁ፤ ጀማል ከፊት ይመራል። ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ የታጨደ የገብስ ማሳ፣ አልፎ አልፎ የጭድ ክምር። ታኅሣሥ ስለነበር ብርዱ በጓንት ውስጥ ገብቶ ጣት ያደነዝዛል።

ሮብ ገበያ ስንደርስ ቁርስ በላን፤ ትኩስ ቅቅል ድንች በአዋዜ፣ አንድ ሰሃን በሠላሳ ብር። የነቢያት ጾም መሆኑ ለሦስታችንም ተመቸን፤ የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚል ነገር ሳይኖር ከአንድ ሰሃን በላን። የምግብ ቤቷ ባለቤት ሻይ እየቀዳች «ከላይ ስትወጡ ጆሯችሁን ሸፍኑ» አለችን።

ዳገቱ ከዚያ በኋላ ነው። ዳገት ፍሬን አይፈልግምና ነገሩን ለመርሳት ሞከርኩ። ግን በዳገቱ መሃል ትንንሽ ቁልቁለቶች አሉ። አንዱ ላይ ፔዳሉን ስረግጠው እስከ መጨረሻው ወረደ፤ ሞተሩ ግን መሄዱን አልተወም። ማርሽ ቀነስኩ፤ የፊቱን ፍሬን ቀስ አድርጌ ስይዝ ቆመ። አበባው ከኋላዬ ይዘፍናል፤ ምንም አላወቀም።

ጀማል ቆሞ ጠበቀን። «ምን ሆነሽ ነው የምትጎተቺው?»

«ሁለት ሰው ስለሆንን ነው።»

ሁለተኛው ውሸቴ ነበር፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለለኝ።

ከላይ

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ከእርሻው በላይ ወጣን። ዛፍ የለም፤ ጓሳ ሣር፣ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦና ረጅም ግንድ ያለው ጅባራ ብቻ። ጅባራዎቹ እንደ ቆመ ሰው እዚህም እዚያም ተበትነዋል፤ ነፋሱ እያፏጨ በመካከላቸው ያልፋል። ከእግራችን ሥር ከሣሩ ውስጥ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ትንሽ ወረድ ሲል ጅረት ይሆናል።

አበባው ተንበርክኮ በእፍኙ ጠጣ። ጥርሱ እስኪንቀጫቀጭ ቀዝቅዞ፣ «ነገ ለተማሪዎቼ ስነግር ጣቴን አልቀስርም። ‹ጠጥቼዋለሁ› ነው የምላቸው» አለ። ጀማል ጃኬቱን አንጥፎ ሶላት ሰገደ። እኛ ድምፃችንን ቀንሰን ፎቶ ተነሳን። በዚያች ሰዓት መምጣታችን ትክክል መስሎኝ ነበር።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ጉሙ ከምዕራብ በኩል እየተንከባለለ መጣ። ዕቃችንን ሰበሰብን።

«አሁን እኔ ልንዳ» አለ አበባው። ሞተር የለመደው ከአምስት ወር በፊት ነው፤ ያስተማርነው እኔና ጀማል ነን። «የይታይሽ ቀላል ስለሆነች ለእኔ ትሻላለች። አንቺ ከጀማል ጋር ሁኚ።»

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ጀማል እያየኝ ነው፤ ሁለት ጊዜ መዋሸቴን ደግሞ ራሴው አውቃለሁ። «ቀስ ብለህ ንዳ፤ በማርሽ ያዛት» ብቻ አልኩና ቁልፉን ሰጠሁት።

ቁልቁለቱ

ጉሙ ውስጥ ገባን። ከፊታችን የሚታየን የአበባው የኋላ መብራት ብቻ ነው፤ ቀይ ነጥብ። ጀማል ጀርባ ላይ ሆኜ ያንን ነጥብ ዓይኔን ሳልነቅል አየዋለሁ። ፍሬን ሲይዝ መብራቱ ደመቅ ይላል። ደመቅ አለ፤ ግን አልቀረበንም፤ ይልቅስ ራቀ። እንደገና ደመቀ፤ እንደገና ራቀ። ከዚያ ወደ ቀኝ ታጠፈና ጠፋ።

«ጀማል፣ ንዳ!» ብዬ ጮህኩ።

ኩርባው ላይ ስንደርስ ማንም የለም። ጀማል ክላክስ አደረገ። «አበባው!» ብለን ተጣራን። ነፋስ ብቻ። ጠጠሩ ላይ ጎማው የፈተገው መስመር ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ገደሉ ይሄዳል።

በእጄም በመቀመጫዬም ወረድኩ። ሞተሩ ድንጋይ ላይ ተጋድሟል፤ አበባው ከእሱ ዝቅ ብሎ አስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ተሰክቷል። ዓይኑ ክፍት ነው። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ወደማይታጠፍበት ታጥፏል፤ ሱሪው በደም ርሷል።

«ፍሬኑን የረገጥኩት መስሎኝ ነበር፤ ለካ አልረገጥኩትም» አለኝ። «ይታይሽ፣ ደነገጥኩ መሰለኝ።»

«ዝም በል፣ አትንቀሳቀስ።»

ቦርሳዬን ከፍቼ ቁስሉን አጠብኩ፤ ከጅባራ ግንድ ድጋፍ አብጅቼ በፋሻ ግራና ቀኙን አሰርኩ። ይህን ሥራ አውቀዋለሁ።

«ከዚህ በፊት ስንት እግር አስረሻል?» አለ ጥርሱን ነክሶ።

«ብዙ። ሁሉም የጥጃ ነው።»

ሊስቅ ሞከረ፤ ሕመሙ አቋረጠው።

ጀማል ከላይ ሆኖ ሲጣራ ሰው ደረሰልን። ከሰንበቴ የሚመለሱ ሰባት ስምንት ገበሬዎች ናቸው። አያ መኮነን የተባሉ ሽማግሌ ወርደው አዩት፤ ብዙ አልጠየቁም። «ሁለት አጠና፣ ሁለት ጋቢ» ብለው አዘዙ። ቃሬዛው ወዲያው ተበጀ።

«አባቴ፣ መኪና ብንጠብቅስ?» አልኳቸው።

«በእሑድ ምን መኪና አለ፣ ልጄ? እየተሸከምን እንወርዳለን፤ መኪና ከመጣ መንገድ ላይ ያገኘናል። እዚህ ቁጭ ብለን ብርድ አይግደለው።»

አራት አራት እየሆኑ ተቀባበሉት። አበባው ጠጠሩ ባነቃነቀው ቁጥር ያቃስታል። እኔ ከጎኑ እሄዳለሁ፤ ከንፈሩ ሲነጣ አያለሁ። ጀማል ሞተሬን ከገደሉ አስወጥቶ ከኋላ እየገፋ ይመጣል፤ የእሱን አንዱ ገበሬ ይገፋለታል። አንድ ቦታ ላይ ዞር ስል ቆሞ ፔዳሉን በእጁ ሲጫነው አየሁት። ፔዳሉ ምንም ሳይታገል ወረደ። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ መግፋቱን ቀጠለ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ድንች የጫነ አይሱዙ ከኋላችን መጣ። ሾፌሩ ጆንያዎቹን አስተካክሎ ለእኛም ለሞተሮቹም ቦታ ለቀቀልን። አያ መኮነን ጋቢያቸውን ከአበባው ላይ አልወሰዱም። «ሲድን ያመጣልኛል» አሉና ተመልሰው ዳገቱን ያዙ።

ሆስፒታሉ በር ላይ

ማርቆስ የገባነው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የአበባው እናት እትዬ ጥሩ፣ ጀማል ከመንገድ ደውሎላቸው ስለነበር፣ ቀድመውን ደርሰዋል። ሐኪሙ እግሩ መንገድ ላይ በደንብ ባይታሰር ኖሮ ጉዳቱ ይብስ እንደነበር ሲነግራቸው፣ መጥተው ሁለት እጄን ይዘው ሳሙኝ።

«አንቺ ነሽ አሉ ያሰርሽለት። ልጄን አተረፍሽልኝ። እግዚአብሔር ብድርሽን ይክፈልሽ።»

ጀማል አጠገባችን ቆሟል። እትዬ ጥሩ ወደ ውስጥ ሲገቡ ቀስ ብሎ ተናገረኝ።

«ጠይቄሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ አልነግረውም፤ ያንቺ ነው። ግን እስከ ማክሰኞ ካልነገርሽው ዝም አልልም።»

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሰኞ አልሄድኩም፤ ሥራ አለብኝ አልኩ። ሌላ ውሸት።

ማክሰኞ ከሰዓት አልጋው አጠገብ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ መካኒኩ ያለኝን፣ ለጀማል ያልኩትን፣ ከላይ ቁልፉን ስሰጠው የዋጥኩትን። አበባው ጣሪያውን እያየ ሰማኝ።

«ሁለት ቀን ሙሉ ያንን ኩርባ ስነዳው ነው የከረምኩት» አለኝ በመጨረሻ። «የት ላይ ነው የደነገጥኩት? በየትኛው እግሬ ነው የሳትኩት? እያልኩ። ለእናቴ ‹ሞተር ለእኔ አይነት ሰው አይሆንም› ብያታለሁ። አንቺ እኮ እግሬን ብቻ አይደለም የሰበርሽው።»

«ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት።

«አሁን አልችልም። ምናልባት ኋላ። ለእናቴ ግን ንገሪያት፤ እየመረቀችሽ ነው የምትውለው። ያንን መስማት አልፈልግም።»

እትዬ ጥሩ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ሆኜ ነገርኳቸው። ስጀምር እጄን ይዘው ነበር፤ ግማሹ ላይ ለቀቁት። ስጨርስ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

የድንገት ጉዞ አልጠላሁም። ያን ውሃ በማየቴም አልጸጸትም። የተማርኩት ግን ቀላል ነገር ነው፤ ሦስት ሰው በሁለት ሞተር ሲወጣ የአንዱ ዝምታ የሁሉም ጭነት ነው። «እንቅር» ማለት የምታስነውር ቃል መስላኝ ነበር። ብናገራት ኖሮ አንድ የእሑድ ጉዞ ይቀር ነበር፤ ሌላ ምንም።

እትዬ ጥሩ ነጠላቸውን መለስ አደረጉት። ዓይኔን አላዩም።

«እኔ ሌሊቱን ከእሱ ጋር ነው የማድረው፤ ወገቤ አልቻለም» አሉ። «ጠዋት ፊቱን የሚያጥብለት፣ የሚያነሳው ሰው ያስፈልጋል። በጠዋት ነይ።»

አልመረቁኝም። እኔም አልጠበቅሁም። በማግሥቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በእግሬ ሄጄ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ነበር።