ለእማዬ የዋሸሁት ገጽ

ባለፈው ቅዳሜ የሰፈራችን ላይብረሪ አሮጌ መጻሕፍት ሲሸጥ ከአንዱ ካርቶን ውስጥ የማውቀው ሽፋን ብቅ አለ። ቀይ ካፖርት የለበሰች ልጅ ባዶ መንገድ ላይ ቆማለች። ሳላመነታ ገዛሁት።

መጽሐፉን መጀመሪያ ያነበብኩበት ሰመር አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። እኔና እማዬ ሞንትቤሎ በሚባል ሰፈር አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እንሠራ ነበር፤ እሷ አስታማሚ፣ እኔ ሰሃን አጣቢ። ከሰዓት በኋላ ኦሮራ ወዳለው ቤታችን ስንመለስ እሷ ትነዳለች፣ እኔ አነብላታለሁ። እማዬ በሬዲዮ ትረካ ያደገች ሰው ናት፤ ያለ ታሪክ መንገድ አይገፋላትም። እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ እተርክላታለሁ። ፍልሰታ ስለነበር መሃላችን የቆሎ ከረጢት አለ። በክፍቱ መስኮት ሞቅ ያለ ነፋስ ይገባል፣ መንገድ ዳር የሱፍ አበባው አንገቱን ደፍቶ ያንቀላፋል። ዛሬ ሳስበው ያ መንገድ ማለቂያ ያልነበረው ይመስለኛል። ሃያ ደቂቃ ነው እኮ!

ታሪኩ ከጦርነቱ በፊት በናዚዎች ጀርመን የሚኖሩ የሁለት ጓደኛሞች ነው። አንደኛዋ አይሁዳዊት ናት። መጀመሪያ ላይ ማንም አልተገደለም። ከአይሁዳዊቷ ቤተሰብ ሱቅ መግዛት ቀረ፣ ልደት መጠራራት ቀረ፣ ከዚያ ሰላምታው ቀረ። እማዬ «እንዴ፣ ጎረቤት አልነበሩም?» እያለች ትበሳጫለች።

የኔ ጉድ ደግሞ ከኛ ፎቅ በታች ያለው ቤት ነበር። አብራኝ ያደገችው የማርታ ቤተሰብ ያን ዓመት ጴንጤ ሆነ። እማዬ ክፉ ቃል አልወጣትም፤ «ከእንግዲህ እዚያ ቤት አትብዪ» ብቻ አለችኝ። እኔ ደግሞ እንደ ጎበዝ ተማሪ ጨመርኩበት፤ ፒዮሪያ ስትሪት አውቶቡስ ስንጠብቅ ማርታን ሳይ ስልኬ ላይ ማቀርቀር ጀመርኩ። ናዚና የኛ ኩርፊያ አንድ ነው አልልም፣ ኧረ በፍጹም። ግን ልጅቷ ጓደኛዋን አይታ መንገድ የተሻገረችበት ገጽ ላይ ስደርስ ዓረፍተ ነገሩን ቀየርኩት። «ሰላም አለቻት፣ አቀፈቻት» ብዬ ተረጎምኩ።

«ተባረኪ» አለች እማዬ፣ ከቆሎው እየዘገነች።

በማግስቱ ያነበብኩት ምዕራፍ አይሁዳዊቷ ልጅ ትራሷን አቅፋ ስታለቅስ ይጀምራል። እማዬ ትንሽ ሰማችና ጠየቀችኝ።

«ሰላም ካለቻት ታዲያ ምን ያስለቅሳታል?»

«አላለቻትም እማዬ። መንገድ ተሻግራ ነው ያለፈቻት። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ።»

«ለምን?»

«እኔም ማርታን እንደዛ ስለማደርጋት።»

የትራፊክ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ እማዬ ግን አልነዳችም። ከኋላችን ክላክስ አደረጉ። ቤት ደርሰን ፓርክ አደረገች። ከዚያ መሪውን እንደያዘች «እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ» አለች።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ኦቨን ውስጥ ድፎ ዳቦ ጋገረች። ሰሃኑን ራሷ ይዛ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ደረጃውን ወረድን። ማርታ ከፈተች። ዳቦውን አየችና ወደኔ ዞረች።

«አውቶቡስ ስንጠብቅ ታዪኝ ነበር አይደል?»

«አዎ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

አስገባችን። እናቶቻችን ተቃቅፈው ተላቀሱ፣ ዳቦውንም ቆርሰን አብረን በላን። እኔና ማርታ ግን እንደ ድሮው አልሆንንም። ዛሬም ሰላም እንባባላለን፣ የልጆቿን ስም አውቃለሁ። ከዚያ አላለፈም፤ ይቆጨኛል።

አንዳንዴ ያን ገጽ በትክክል ተርጉሜው ቢሆን ኖሮ እላለሁ። እማዬ «አይ ክፉዎች» ብላ ታልፈው ነበር፣ እኔም ገጹን እገልጥ ነበር።

እሁድ መጽሐፉን ይዤላት ሄድኩ። ዓይኗ ደክሟል፤ ሽፋኑን በጣቶቿ ዳበሰችና ወንበሯን አስጠጋች።

«አንብቢልኝ» አለች፣ «አሁን ግን እንዳለ።»