ሁለት በሬና አንድ በቅሎ የተጠየቀባት ቀይ መኪና

ለበሬ ዋጋ ማውጣት የሚችል ሰው ለምንም ነገር ዋጋ ማውጣት ይችላል ብለው በሚያምኑ ሰዎች መካከል ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ቤት ሲያከራዩም፣ ሙሽራ ሲያዩም፣ አዲስ የተሾመው ሹም ስንት ወር እንደሚቆይ ሲገምቱም ዓይናቸው መጀመሪያ ሻኛ ይፈልጋል። እኔ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት፣ በታይፒስትነት የተመደብኩት በጃንሆይ ጊዜ ነው። ዘመዶቼ እንደ ሙት አልቅሰው ሸኙኝ። እኔ ግን ዳዊቴንና ሁለት ነጠላዬን ይዤ ገባሁ፤ ገብቼም ቀረሁ።

ቤት ያከራዩኝ ባላቸው የሞቱባቸው የሐዲያ ሴት ነበሩ። እሳቸው የሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ እኔ ማርያም እሄዳለሁ። በዚህ አንድ ቀን ተከራክረን አናውቅም። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ሳልጠይቃቸው ጎመኑን ያለ ቅቤ ለብቻው ያወጡልኛል፤ እኔም እሑድ መዝሙር ሲያጠኑ ክፍሌ ሆኜ ዜማውን አብሬ አንጎራጉራለሁ፤ ቃሉን ስለማላውቀው ኃጢአት አይሆንም ብዬ።

በጓሯቸው፣ ከእንሰቱ ሥር፣ አንዲት ትንሽ ቀይ መኪና ነበረች። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያ የሌላት፣ አፍንጫዋ ረጅም የስፖርት መኪና ናት። ሟች ባላቸው የአንድ ጣሊያን ነጋዴ ሾፌር ነበሩ። ጣሊያኑ ወደ አገሩ ሲመለስ መኪናዋን ለመሸጥ ፈለገ፤ እሳቸው ደግሞ ወደዷት። ሁለት በሬና አንድ በቅሎ ሰጥተው ወሰዷት። ሚስታቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው አንድ ጊዜ ቦኖሻ ድረስ ነዷት፤ አንድ ጊዜ ወደ ሞርሲቶ ሲሄዱ ጭቃ ያዛት፤ ከዚያ ታመሙ፤ ከዚያ ሞቱ። እኔ ስደርስ በግራው ወንበር ላይ ዶሮ ዕንቁላል ትጥላለች፤ በቀኙ ሌላዋ ታቅፋለች።

ከተማው ግን ሟቹን አልተዋቸውም። «የሚያርስ በሬ ሰጥቶ የማታርስ መኪና የገዛው» ይሏቸው ነበር። የዚህ ቀልድ አለቃ ጎረቤታችን ነጋዴው ነው። አንድ የጭነት መኪና አለው፤ በርበሬና እህል ያመላልሳል፤ ሰላቱን አያጓድልም፤ ምላሱን ግን የሚያሳርፍበት ቀን አልነበረውም። እኔን «የጎጃሟ» ይለኛል። ሱቁ በር ላይ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር የበሬዎቹን ነገር ያነሳል። በመጣሁበት ዓመት ሲያወራ የበሬዎቹ ቀንድ ክንድ ያህል ነበር። በዓመቱ ሁለት ክንድ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት በሬዎቹ በበር ስለማይገቡ ግድግዳ ተነቅሎላቸው ነው የሚያድሩት አለ። በሬዎቹ ባደጉ ቁጥር ሟቹ ሞኝ እየሆኑ ሄዱ። አከራዬ በዚያ በኩል ማለፍ ትተው በላይኛው መንገድ፣ ዳገቱን፣ ዞረው ገበያ ይሄዱ ነበር። ይህን ያወቅሁት አንድ ቀን ከባድ ጭነት ይዘን ለምን እንደምንዞር ጠይቄያቸው ወደ ሱቁ በአገጫቸው ባሳዩኝ ጊዜ ነው።

አንድ ክረምት ነጋዴው መጣና በመኪናዋ ዙሪያ ዞረ። ጎማዋን በእግሩ ነካ አደረገ።

«ዘጠና ብር እሰጣለሁ» አለ። «ብረቷን ለቀጥቃጭ፣ ጎማዋን ለበረባሶ ጫማ። ዶሮዎቹን አልፈልግም።»

«ሁለት በሬና አንድ በቅሎ» አሉ አከራዬ።

«እትዬ፣ ይህችን እኮ በሬ አይስባትም።»

«ባለቤቴ የሰጠው ይህን ነው። ባነሰ ከሸጥኳት ሞኝ ነበር ብዬ ፈረምኩ ማለት ነው። አልፈርምም።»

እሱ ስቆ ሄደ። እሳቸው ግን ገብተው የተነጠረ ቅቤ ሲቀዱ ግማሹን ምድጃው ላይ አፈሰሱት።

አዲስ አበባ ጋራዥ የሚሠራ ወንድም ነበረኝ። የዚያኑ ሳምንት በጻፍኩለት ደብዳቤ የመኪናዋንና የዶሮዎቹን ነገር ለሳቅ ብዬ አነሳሁለት፤ መልሱ ግን ሳቅ አልነበረበትም። «እንዲህ ያሉትን አሮጌ የስፖርት መኪናዎች የሚያሳድዱ ሰዎች አሁን አሁን መጥተዋል» አለኝ። ፋብሪካው መሥራቱን ስለተወ፣ ትናንት ማንም የማያያት ዛሬ ትፈለጋለች። ሞተሩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጪ፤ ወለሏ አለመዛጉን እዪ፤ ከአምስት መቶ ብር በታች ከሰጧችሁ ዝም በሉ፤ ከሰባት መቶ በላይ ከጠየቃችሁ ገዢው ዝም ይላችኋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ብሎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሥምሮበታል፣ ቀለሟን እንዳትነኩ፤ የደበዘዘ የፋብሪካ ቀለም ከአዲስ ቀለም ይበልጣል።

ይህን እያነበብኩ በመስኮት ብመለከት አከራዬ ብሩሽ ይዘዋል። ከሚሲዮኑ መስኮቶች የተረፈ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ለምነው አምጥተው የቀኙን በር ጨርሰዋል።

«እትዬ፣ ይተዉት!» ብዬ ሮጥኩ።

«ምን ሆንሽ? ሳትታጠብ ገበያ የምትወጣ ላም አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። ብሩሹን አስቀመጡ። «እንግዲህ አንድ በር ነው» አሉ።

የሞተሩን ቁጥር ያነበብኩት በፍልሰታ ጾም ነው። ለእመቤታችን ያስቀመጥኩትን ጧፍ አብርቼ፣ በደረቴ ተኝቼ፣ በሸረሪት ድር መካከል። አከራዬ ሊብሬውን ይዘው ቁጥሩን እየጠሩ፣ እኔ ከሥር «አለ» እያልኩ እስከ መጨረሻው ደረስን። አንድም አልጎደለም። ጧፉን በማግሥቱ በሌላ ተካሁ፤ ያም ቢሆን ትንሽ ከበደኝ።

ወንድሜ ገዢ አገኘሁ ብሎ መቼ ይምጣ ሲለኝ «መንገዱ ከመስቀል ሳምንት በፊት አይደርቅም» ብዬ መለስኩለት። ይህ እውነት ነው። እውነት ያልሆነ ነገር በታይፕም በእጄም ጽፌ አላውቅም። ያልጻፍኩት ነገር ግን ነበር። በዚህ አገር ለመስቀል ሥጋ ዓመቱን ሙሉ ዕቁብ የጣለ ሰፈር ሁሉ በዚያ ሳምንት በአንድ ላይ ገበያ ይወጣል፤ የበሬም ዋጋ ሰማይ ይወጣል። አከራዬ ደግሞ ዋጋቸውን የሚቆጥሩት በብር ሳይሆን በበሬ ነው። ይህን ለገዢው ማስረዳት የእኔ ሥራ አልመሰለኝም።

ገዢው መጣ፤ አመጣጡ ግን እንዳሰብነው አልነበረም። መኪናው አዲሎ አጠገብ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ጎትቶ ያወጣው የእኛው ነጋዴ ነው። በመንገድ ተዋውቀው፣ ምን ፈልጎ እንደመጣ ተነጋግረው፣ ዋጋውን ካስቀነሰለት ኮሚሽን ሊሰጠው ተስማምተው፣ ተከታትለው በራችን ላይ ቆሙ።

«እንግዳ አመጣሁላችሁ» አለ ነጋዴው፣ ከሁላችን በፊት እየገባ።

ገዢው ጠጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ጫማው ጭቃ የበላው፣ ትሑት ወጣት ነበር። ከኪሱ ማግኔት አውጥቶ በመኪናዋ ገላ ላይ ያስኬዳት ጀመር፤ ውስጡ ብረት መሆኑን ወይም በስቱኮ የተደፈነ መሆኑን ለማወቅ። ጎረቤት ሁሉ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያያል። ማግኔቷ በያዘች ቁጥር «ያዘች» ይባባላሉ። አረንጓዴው በር ጋ ሲደርስ ወጣቱ ማግኔቷን ወደ ኪሱ መለሰና መነጽሩን አወለቀ።

«ይህን ማን ነው ያደረገው?»

«እኔ» አሉ አከራዬ። «አንድ ብቻ ነው።»

እንደገና ዞራት። ፊቱን የድንጋይ ለማስመሰል ይሞክራል፤ ጣቱ ግን መሪውን ሲነካ ሕፃን የሚዳብስ ይመስል ነበር። እኔ አየሁ፤ አከራዬም አዩ።

«እሺ እማማ፣ ስንት ይላሉ?»

«ሁለት በሬና አንድ በቅሎ።»

ወጣቱ ነጋዴውን አየው፤ ነጋዴው በዓይኑ ጠቀሰው። በመንገድ የበሬ ዋጋ ነግሮታል፤ የነገረው ግን የከሳ በሬ ዋጋ ነው።

«ተስማማሁ» አለ ወጣቱ ቶሎ ብሎ።

«እንግዲያው ገበያ እንውረድ» አሉ አከራዬ። «ባለቤቴ የሰጣቸውን የሚመስሉ ይመረጡ፤ የእነሱን ዋጋ ትከፍላለህ።»

በከብት ገበያው ሰው ከሰው ይጋፋል። ሰንጋው ታጥቦ፣ ገመዱ አዲስ ሆኖ ቆሟል። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡልን። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ የሟቹ በሬዎች ምን ይመስሉ ነበር?

ነጋዴው ማንም ሳይጠራው ተነሣ። «እኔ አውቃቸዋለሁ። ጎረቤት ነኝ። የጎናቸው አጥንት የሚቆጠር፣ ያረጁ በሬዎች ነበሩ። አንዱማ ያነክስ ነበር፤ አላህ ይየው።»

ከቆመው ሰው መካከል ሱቁ በር ላይ በትልልቆቹ በሬዎች ያልሳቀ አንድም አልነበረም። አከራዬ መሬት መሬት ያያሉ። ነገሩ ገብቶኛል፤ በሬዎቹ ከከሱ መኪናዋ በከሳ በሬ ዋጋ ትሄዳለች፤ ነገ ሱቁ በር ላይ ደግሞ መልሰው ይወፍራሉ።

መካከለኛው ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ የመንግሥት ጸሐፊ ነሽ። ትጾሚያለሽም ይባላል። የምታውቂውን ንገሪን።»

«በሬዎቹን አላየሁም አባቴ» አልኩ። «እኔ ስመጣ አልነበሩም።»

«እሰይ» አለ ነጋዴው። «ይህች እውነተኛ ሴት ናት።»

«የሰማሁትን ግን መናገር እችላለሁ። የነገረኝም ይኸው ጎረቤቴ ነው።»

ቀጠልኩ። በመጀመሪያው ዓመት፣ በጥምቀት ማግሥት፣ ቀንዳቸው ክንድ ያህል ነው ብሎኛል። በሁለተኛው ዓመት፣ ስኳር ልገዛ ሄጄ፣ ሁለት ክንድ ነው ብሎኛል። ተጠምደው ድልድይ ሲያልፉ ድልድዩ ይንቀጠቀጣል፤ ይህን ያለው አራት ሰው ባለበት ነው፤ ሦስቱ እዚህ ቆመዋል። በበር አይገቡም፤ ግድግዳ ይነቀልላቸዋል። ከሻኛቸው ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታ ጫጩት አውጥታለች። አንድም ቃል አልጨመርኩም። የሰው ንግግር ሰምቶ እንዳለ መጻፍ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሥራ ነው።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ወንዶቹ አፋቸው ላይ የሚያደርጉት አጡ።

«የጎጃሟ፣ ያ እኮ ጨዋታ ነው» አለ ነጋዴው።

«የትኛው ነው ጨዋታው?» አሉ ሽማግሌው፣ ሳይስቁ። «የዛሬው ወይስ ያኔ የተናገርከው? ያኔ እውነትህን ከነበር፣ በሬዎቹ እነዚያ ናቸው» ብለው በገበያው ትልልቆቹን ሁለት ሰንጋዎች በዘንጋቸው አሳዩ። ወጣቱ ሰንጋዎቹን አይቶ መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ያኔ ውሸትህን ከነበር ደግሞ፣ ሰውየው ሞኝ አልነበረም ማለት ነው። ምረጥ።»

ነጋዴው ወጣቱን አየ፣ ሰንጋዎቹን አየ፣ ኮሚሽኑ ዓይኑ እያየ ሲሄድ አየ።

«ሞኝ አልነበረም» አለ ወደ ጫማው።

አከራዬ ያን ጊዜ ቀና አሉ። «ጮክ በል እንጂ። ያኔ ጮክ ብለህ ነበር የምትናገረው።»

«ሞኝ አልነበረም!» አለ። በሬዎቹ ሁሉ ዞረው ያዩት መሰለኝ።

ከዚህ በኋላ ሽማግሌዎቹ ነገሩን ለማቅናት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ከትልልቆቹም ከከሱትም ሳይሆን ደህና ደህና የሆኑ ሁለት በሬዎች መረጡ። የመስቀል ሳምንት ዋጋቸው ተጠይቆ አምስት መቶ አርባ ብር ሆነ። በቅሎዋን ወጣቱ ስለ አረንጓዴው በር ብሎ አስቀረ፤ አከራዬም «እንግዲህ አንድ በር ነው» ብለው ተዉለት። በልቤ የወንድሜን ደብዳቤ አነጻጸርኩ፤ ሁላችንም ዝም የማንልበት ዋጋ ነው። ወጣቱም ሳይከራከር ከፈለ፤ የተጎዳ ሰው እንደዚያ አይከፍልም።

መኪናዋን የጫናት ነጋዴው ነው። ከኮሚሽኑ የኪራዩን ገንዘብ መርጦ ይሁን አፍሮ፣ አልጠየቅሁትም። ዶሮዎቹ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከትለዋት ተመለሱ። አስፋልት እላለሁ፤ ኮረት ነበር።

ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ዋሽተሻል?» አሉኝ።

«የለም፣ አባቴ።»

«ስትናገሪ ደስ ብሎሽ ነበር?»

«እጅግ በጣም።»

አርባ ስግደት ሰጡኝ። ጉልበቴን እያመመኝ ስሰግድ ወፏ ትዝ ስትለኝ ሳቄ መጥቶብኝ ስለነበር፣ ሦስቱን ደግሜአቸዋለሁ።

አከራዬ ከዚያ ወዲህ በታችኛው መንገድ፣ በሱቁ በር ላይ፣ ቀስ ብለው ያልፋሉ። ነጋዴውም ወሬውን አልተወም፤ ገለበጠው እንጂ። አሁን ሟቹ በአውራጃው ያልታየ ብልህ ናቸው፤ ለመኪናዋ የሰጧቸው በሬዎች ደግሞ በየወሩ ይከሳሉ። አንድ ቀን ከአከራዬ ጋር ስናልፍ ለአንድ እንግዳ ሲያወራ ሰማነው፤ አንደኛው በሬ ጥጃ ሆኖ ነበር።

አከራዬ ቆሙ። ዘምቢላቸውን መሬት አስቀመጡ።

«አንተ» አሉት፣ «የባለቤቴ በሬዎች ደህና በሬዎች ነበሩ።»