በልጄ ካርድ ላይ የተጻፈው

በልጄ የሕክምና ካርድ ላይ «ምንም አልተገኘባትም» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ሐሰት ነው። የጻፈው የሰፈራችን ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ሐኪም ነው፤ የጻፈውም ከወንበሩ ሳይነሣ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ እሱ ስንት ዓመት እንደተማረ አላውቅም። ሐሰቱ በጽሑፍ ከተቀመጠ ግን የእኔም ቃል በጽሑፍ ይቀመጥ።

ልጄን ኮሮና ይዟት ነበር። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ሳሉም ተዋት፣ እኛም ተመስገን ብለን ነገሩን ዘጋነው። ድካሙ ግን አልለቀቃትም። ድካም ስል ሥራ ውሎ የገባ ሰው ድካም አይደለም። ፀጉሯን ከታጠበች ለማበጠር መጀመሪያ ጋደም ማለት አለባት። ልብስ ያጠበች እንደሆነ ሁለት ቀን ከአልጋ አትወርድም። ስንት ዓመት ስትሸጠው የኖረችው ጨርቅ ዋጋው ደንበኛ ፊት ይጠፋባታል፤ ስሙም ይጠፋባታል።

የምትሠራው መርካቶ ውስጥ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መጋረጃ ሱቅ ነው። የሕንፃው ሊፍት ከተመረቀበት ቀን በቀር ሲሠራ ያየ የለም። ልጄ ደረጃውን ስትወጣ ሁለት ጊዜ ትቀመጣለች፤ ተሸካሚዎቹ ጣቃ ጨርቅ ተሸክመው በላይዋ ተሻግረው ያልፋሉ። የሱቁ ባለቤት ክፉ ሴት አይደለችም። ደረጃ የማያስወጣ፣ ምድር ላይ ያለ ሁለተኛ ሱቅ አላትና ወደዚያ ላዛውርሽ አለቻት። ነገር ግን ሌሎቹ ሠራተኞች ለእሷ ለምን ተለየ እንዳይሉ ከሐኪም ወረቀት አምጪ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካላመጣሽ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ አለች። ልጄ ሁለት ልጆች ያለ አባት ታሳድጋለች። ሥራዋ የተንጠለጠለው በዚያች ወረቀት ላይ ነበር።

ጤና ጣቢያው መጀመሪያ ታይፎይድ ነው አላት። በእኛ አገር ሐኪም ያላወቀው ነገር ሁሉ ታይፎይድ ነው። መድኃኒቱን ጨረሰች። ታይፈስም አለብሽ አሏት፤ የእሱንም ጨረሰች። ቀጥሎ ጨጓራ መጣ። ከጨጓራ በኋላ የሚቀረው ጭንቀት ነው፤ እሱንም ሰጧት።

ሐኪሙ ገና ልጅ እግር ነው፤ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሰው ሲያናግረው ኮምፒውተሩን የሚያይ። ይደክመኛል ስትለው «መርካቶ ውስጥ ያልደከመው ማን አለ?» አላት። ቀልዱ መሆኑ ነው። ከዚያ ስፖርት አዘዘላት። ጠዋት ጠዋት ፈጠን እያልሽ ተራመጂ፣ ሰውነትሽ ሰንፎ ነው አላት። ታዛዥ ናትና ሦስት ቀን ተራመደች። በአራተኛው ቀን ወደ ሽንት ቤት ደግፌ የወሰድኳት እኔ፣ የሰባ አንድ ዓመቷ አሮጊት ነኝ።

ወረቀቱን ስትጠይቀው የደሟን ውጤትና የደረቷን ራጅ አገላበጠና ካርዷ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ጻፈ። ወረቀት አልሰጣትም። እኔ መስመሯን ካርድ ክፍል ለምትሠራው ሴት አስነበብኳት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ ምንም አልተገኘባትም ነው የሚለው» አለችኝ።

አርባ ዓመት የሠራሁት ምን አለሽ ተራ ነው። አሮጌ ጣሳ፣ ጠርሙስ፣ የድስት እጀታ እሸጥ ነበር። ሰው ቴርሞስ ይዞ መጥቶ ለዚህ የሚሆን ክዳን አለሽ ወይ ሲለኝ፣ ጆንያውን መሬት ላይ ገልብጬ፣ ተንበርክኬ፣ እስከ መጨረሻው በርብሬ ነው የለም የምለው። ጆንያዋን ሳትገለብጥ የለም የምትል ነጋዴ እኛ ዘንድ ደንበኛ አይመለስላትም። ለሐኪም ግን ይመለስለታል፤ ሰው ወዴት ይሂድ?

በማግስቱ ላነጋግረው ሄድኩ። ስልጠና ላይ ነው አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ሄድኩ፤ ስልጠና ላይ ነው። በሳምንቱም እንዲሁ። ስንቱን ሕመም ቢያጠኑ ነው ብዬ የካርድ ክፍሏን ሴት ስለምን እንደሚሠለጥኑ ጠየቅኳት። አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ስልጠናው ኮሮና ከለቀቀው ሰው ላይ ስለሚቀር ሕመም ነበር። የቤተሰብ ሐኪሞቹ እንዲህ ያለውን ታካሚ እንዴት እንደሚረዱ ይማራሉ፤ አሠልጣኟም እውነተኛ ታካሚ አምጡልኝ ብላለች። «ስለ እርስዎ ልጅ ልንገራት?» አለችኝ። ምንም ያልተገኘባት ልጄ ለማስተማሪያ ተፈለገች ማለት ነው።

ሄድን። አዳራሹ መጋረጃው የተዘጋ፣ በየሰዉ ፊት የፕላስቲክ ውሃ የቆመበት፣ ለየሰዉ ቦርሳና እስክሪብቶ የታደለበት ነው። ሰርተፊኬቱ ታትሞ ጠረጴዛ ላይ ተቆልሏል፤ ማወቃቸው ሳይታወቅ ማወቃቸው ተፈርሞ አልቋል። የእኛው ሐኪም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስልኩን ይነካካል። ሲያየን ስልኩን ገለበጠው።

አሠልጣኟ ጠና ያለች ሐኪም ናት። ልጄን ፊት ለፊት አስቀመጠችና ከሠልጣኞቹ አንዱን ጠይቃት አለችው። ተነሥቶ ቅጹን ማንበብ ጀመረ። ድካም አለ ወይስ የለም፣ የትንፋሽ ማጠር አለ ወይስ የለም፤ ኬላ ላይ የሚፈትሽ ፖሊስ ይመስል ነበር። አሠልጣኟ አስቆመችው። ቅጹን ዝጋና ትናንት እንዴት ዋልሽ ብለህ ጠይቃት፣ ከዚያ ዝም በል አለችው።

«ትናንት እንዴት ዋልሽ?» አላት።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ልጄ።

ሳቁ። እኔም ንድድ አለኝ፤ በእነሱም በእሷም። ለካ ጤና ጣቢያም ስትገባ የምትለው ይህንኑ ኖሯል። እንዴት ነሽ ሲላት ደህና ትላለች፣ እሱም ደህና ብሎ ይጽፋል። ሰላምታና ምርመራ የማይለይ ሐኪም ደመወዝ ይበላል።

አሠልጣኟ አልሳቀችም። ልጄን ትከሻዋን ነካ አድርጋ «እሱን ለፈጣሪ መለስሽለት። አሁን ለእነዚህ መልሺላቸው፤ ከአልጋ ከወረድሽበት ጀምሪ» አለቻት።

ልጄ ጀመረች። ቀሚሷን ለመልበስ አልጋ ጠርዝ ላይ እንደምትቀመጥ፣ ሽንኩርት ከትፋ እሳቱን ማቀጣጠል እንደሚያቅታት፣ ደረጃው ላይ ልቧ ጆሮዋ ውስጥ እንደሚመታ ተናገረች። አንዱን ቀን ደህና ስትሆን የተጠራቀመውን ሥራ ሁሉ ሠርታ ለሁለት ቀን እንደምትወድቅም ነገረቻቸው። የታዘዘላትን ስፖርት ሠርታ እንደባሰባት ስትናገር አሠልጣኟ ማን አዘዘልሽ አለቻት። ልጄ አንገቷን ደፍታ አላስታውስም አለች። ሕመሙ ብዙ ነገር አስረስቷታል፤ ይህን ግን አልረሳችም፤ ይሉኝታ ነው። እኔ ይሉኝታ የለኝም። ተነሥቼ ሦስተኛውን ረድፍ በጣቴ አሳየሁ። ሰው ፊት አሳፈረችው የሚሉኝ ይኖራሉ። አዎ፣ አሳፍሬዋለሁ።

ከዚያ አሠልጣኟ እንዲህ ብላ አስተማረች። ልብና ሳንባው፣ ደሙና ስኳሩ ይታይ፣ ሌላ በሽታ እንዳይደበቅ። ሁሉም ደህና ነው ቢል ግን ታካሚዋ ደህና ናት ማለት አይደለም። ለጊዜው ይህን የሚነቅል ክኒን የለም፤ ጉልበቷን ከፋፍላ እንድትጠቀም፣ ሳይደክማት በፊት እንድታርፍ፣ ተቀምጣ የሚሠራውን ተቀምጣ እንድትሠራ አሳዩአት። ለአሠሪዋ ጻፉላት። እመኑአት። ሁሉም ጎንበስ ብለው ጻፉ። እመኑአት የሚለውንም ጻፉት፣ እንዳይረሳ። ልጄ ከሰላምታው በኋላ ያንኑ ነገር ጤና ጣቢያው ወንበር ላይ ያለ አዳራሽና ያለ ቦርሳ ደጋግማ ነግራቸው ነበር።

ሰኞ፣ ወሩ ሳያልቅ፣ ሐኪሙ ራሱ አስጠራን። ልቧን አዳመጠ፣ ክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አራምዶ ትንፋሿን ቆጠረ፣ ወረቀቱንም ጻፈ። በአማርኛ ነው፤ ደረጃ እንዳትወጣ፣ ከባድ ነገር እንዳታነሣ፣ እያረፈች እንድትሠራ ይላል፤ ማኅተምም አለው። ልጄ ተቀብላ መረቀችው። እኔ ከወንበሩ አልተነሣሁም። ካርዱ ላይ ያለውን መስመር ሰርዘው አልኩት።

«እማማ፣ ካርድ ላይ የተጻፈ አይሰረዝም» አለኝ። «ከሥሩ አዲሱን ጽፌያለሁ።»

ሐሰቱ ከላይ፣ እውነቱ ከሥር ሆነው ሊኖሩ ነው ማለት ነው አልኩት። እሱም ያን ቀን ሰልፉ ብዙ እንደነበር፣ ላቦራቶሪው ምንም እንዳላሳየ፣ በትምህርት ቤትም ይህን በሽታ እንዳልተማሩት ነገረኝ። እስኪጨርስ ጠበቅኩት። ልጄ በሩን ይዛ «እማዬ፣ ይበቃል» አለች። አልበቃኝም።

«አልተገኘባትም ብለህ ጽፈሃል» አልኩት። «ፈልገህ ነው ያጣኸው?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። መጀመሪያ እኔን አየ፤ ከዚያ በሩ ላይ የቆመችውን ልጄን አየ፤ ኮምፒውተሩን አላየም።

«አልፈለግሁም፣ እማማ» አለኝ።