እንብላ የተባለው ሰው

ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ሰው አገር ከገባ ጀምሮ የሥራ ጓደኞቹ «ውሃ ልክ» ይሉታል፤ እሱ ባነጠፈው ወለል ላይ የፈሰሰ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ይቸግረዋል እያሉ።

ታላቅ እህቱ ዓይኗን ለመታከም እሱ ዘንድ በመጣች ሰሞን፣ አንድ ቀን ምሳ ሊጋብዛት ወደ ገበያ ማዕከሉ ላይኛው ፎቅ ወሰዳት። ምግብ መሸጫዎቹ ዙሪያውን ተደርድረዋል፤ መሃል ያለው ጠረጴዛ የሁሉም ነው። ወለሉ ደግሞ የእሱ የእጅ ሥራ ነው። አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሰው መሆኑን እንድታይለት ፈልጓል።

ትሪዎቹን ይዞ ሲመለስ፣ አንድ ዓይኗ በፋሻ እንደተሸፈነ ጎንበስ ብላ በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን መስመር በጣቷ ስትዳስስ አገኛት።

«አንዱም ካንዱ አይበልጥም» አለች። «እጅህ ይባረክ።»

ከዚያ ቀና አለችና ሳህኗን አጠገባቸው ብቻውን ወደሚበላው ባለከረባት ገፋ አደረገች።

«እንብላ» አለችው።

ሰውየው ሹካውን አስቀመጠ። ከወዲያ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ዞረው አዩ።

«እታለም፣ እዚህ እንዲህ አይባልም» አለ ውሃ ልክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሰው አጠገብ ዝም ተብሎ ይበላል እንዴ? ከብት ነን?»

ሰውየው በአገሩ ቋንቋ «አብራችሁ ናችሁ?» ሲል ጠየቀው።

«አይደለንም። የአገሬ ሰው ናት፤ ቦታ ጠፍቶ ነው አብረን የተቀመጥነው።»

ከአፉ ከወጣ በኋላ ጆሮው ሰማው።

ሰውየው ፈገግ ብሎ ከሳህኗ አንድ ጥብስ ድንች አነሣና በላ። ፊቷ በራ።

«ንገረው እንጂ» አለች። «ወንድሜ ነው፣ ይህን ወለል ያነጠፈው እሱ ነው ብላለች በለው።»

ውሃ ልክ ወደ ሰውየው ዞረ። «መልካም ምግብ ይሁንልህ ብላለች» አለው።

ሰውየው በልቶ ሲነሣ እጁን ጨበጠው። «ለማታውቃት ሴት እንዲህ መድከምህ የሚያስመሰግን ነው። ደረጃው እንዳይጥላት እስከ በሩ ሸኛት።»

«ምን አለ?»

«አመሰገነ።»

«ወለሉን?»

«አዎ፣ ወለሉን።»

«ታዲያ ምነው አትበላም?»

ምግቡን ሳይጨርስ ተነሣ። ትሪውን መለሰና ክንዷን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ወደ ተንቀሳቃሹ ደረጃ መራት።

«ቀና በል እንጂ» አለችው። «በገዛ ሥራህ ላይ ነው የምትሄደው፤ ምን ያስጎነብስሃል?»