አሥረኛው ቋንቋ

እናቴና እህቴ የሚነጋገሩት በእኔ ወጥ ቤት በኩል ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር ከአዲስ አበባ አሥመራ የሚያስደውለው መስመር ተቋረጠ፤ ጦርነቱ አበቃ ከተባለ በኋላም እንደተቋረጠ ቀረ። እናቴ አዲስ አበባ፣ እህቴ አሥመራ፣ እኔ ደግሞ ባሕር ማዶ፣ ዌስት ሴንት ፖል። ሁለቱ ከተሞች እርስ በርሳቸው አይደማመጡም፤ እኔን ግን ሁለቱም ይሰሙኛል። ስለዚህ እሑድ እሑድ ጠዋት ሮበርት ስትሪት ላይ ከምትገኝ ሱቅ በምገዛው የስልክ ካርድ መጀመሪያ እናቴን አገኛለሁ። «ቆዪኝ እማዬ» እላትና አንዲት ቁልፍ ተጭኜ ለእህቴ እደውላለሁ። ቁልፏን መልሼ ስጫን ሁለቱ ሀገሮች በማቀዝቀዣዬና በመስኮቴ መካከል ይገናኛሉ።

«ሀሎ» ትላለች እናቴ። «ሀሎ» ትላለች እህቴ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእኔ ነው። አስተርጓሚ ነኝ።

እናትና ልጅ አስተርጓሚ ያስፈለጋቸው ቋንቋ ጠፍቷቸው አልነበረም። አባታችን የአሥመራ ሰው፣ የባቡር መካኒክ ነበር። እናታችን ከሸዋ አንድ ሹም ተከትላ፣ የቤቱ ወጥ ሠሪ ሆና ሄዳ እዚያው ቀረች። አባቴ በአማርኛ ለምኖ ስላገባት የቤታችን ቋንቋ አማርኛ ሆነ። ከበሩ ውጭ ግን ትግርኛ ነበር፤ እናቴ ከዚያ የያዘችው ለገበያ የሚበቃትን ያህል ብቻ ነው። አባታችን ሲሞት እናቴ እኔን፣ ትንሿን፣ ይዛ አዲስ አበባ ገባች። እህቴ የመምህራን ማሠልጠኛ ጀምራ ነበርና «ሀገሬ ነው፣ የት እሄዳለሁ?» ብላ ቀረች። እኔ በሰው ቤት ስላገለገልኩ ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጅ በሚያዝሉበት ዕድሜ፣ በማታ ትምህርት ቤት ነው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ቃል ሲጣመም የማልወደው። ዘግይተው ላገኙት ነገር ይሰስታሉ።

እህቴ በስልክ ከትግርኛ በቀር አትናገርም ነበር። ምክንያቷን አውቃለሁ። ልጅ ሳለች በትምህርት ቤቷ ትግርኛ ክልክል ነበር። በዕረፍት ሰዓት በመንደሯ ቋንቋ ስታወራ የተገኘች ልጅ ጣቶቿን በማስመሪያ ትመታለች። የሚመታት መምህር ደግሞ የሸዋ ሰው ነበር፤ አነጋገሩ ቁርጥ የእናታችን። «ሲሰድበኝ እማዬ የምትሰድበኝ ይመስለኝ ነበር» ብላኛለች አንድ ጊዜ። ሀገሯ ነፃ ስትወጣ ጎዳና ላይ ስትጨፍር እንዳደረች፣ ድምፅ ለመስጠት በተሰለፈች ቀን የሠርግ ቀሚሷን እንደለበሰች የነገረችኝም እሷው ናት። ጣልያን ሄደ፣ እንግሊዝ ሄደ፣ ንጉሡም ደርግም ሄዱ። እሷ አስተማሪ ሆነች፤ ማንም ሕፃን በቋንቋው ስለተናገረ የማይመታበት ክፍል አላት። እንዴት እፈርድባታለሁ?

ሌላም ምክንያት ነበረ። የቤት ስልክ የላትም። ስልክ የምታነሣው ጎረቤቷ ቤት ነው፣ ሳሎን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ። ጎረቤቲቱ ሁለት ልጆቿን ለነፃነቱ ትግል የሰጠች ሴት ናት፤ ፎቶግራፋቸው ከስልኩ በላይ ተሰቅሏል። ከዚያ ግድግዳ ሥር ቆሞ፣ በዚያ ጦርነት ማግስት፣ አማርኛ መናገር ድፍረት ይጠይቃል።

«በያት፣ ጉልበቷን ተሻላት?» ትላለች እናቴ።

«እማዬ፣ እኮ ራሷ ትሰማሻለች።»

«ትሰማኛለች፤ አትመልስልኝም። በያት።»

እህቴ በትግርኛ ትመልሳለች፤ እኔም እተረጉማለሁ። «በጣም ደህና ነኝ ትልሻለች።»

«እንዲህ አላለችም። ደህና ነኝ ነው ያለችው። ‹በጣም› የሚለውን ከየት አመጣሽው? አንቺ ልጅ፣ የሰው ቃል ላይ ቅቤ አትቀቢ!»

ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል ላለመጨመር መጠንቀቅ ያዝኩ።

አንድ እሑድ እህቴ ስለ ትምህርት ቤቷ በዓል ታወራለች። ተማሪዎቿ የሀገሪቱን ሕዝቦች ልብስ ለብሰው፣ በየቋንቋው ዘፍነው። «ዘጠኝ ነን» አለች፤ ድምፅዋ ሲሞቅ ወንዝ ማዶ ይሰማል። «ዘጠኝ ሕዝብ፣ ዘጠኝ ቋንቋ፣ አንዱ ካንዱ አይበልጥ።» ተረጎምኩ።

 «የኔስ ስንተኛው ነው?» አለች እናቴ።

«ያንቺ አልተቆጠረም እማዬ።»

«ሁለቱን የወለድኩት እዚያ፣ ባሌን የቀበርኩት እዚያ። እንግዲያው አሥረኛ ያድርጉኝ፤ ከጫፍም ቢሆን እቀመጣለሁ።» ሳቀች። እህቴ አልሳቀችም፤ መስማቷን ግን አውቃለሁ።

በዚያ ሰሞን ሴንት ፖል ኮሌጅ የማታ ትምህርት እማር ነበር፤ ቀን ቀን በአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ነኝ። የታሪክ አስተማሪያችን አሥራ ሦስት ቅኝ ግዛቶች እንዴት ተነሥተው ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ የሚኖርባት ሀገር እንደሆኑ ያስተምራል። በክፍል የማልናገር ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን እጄን አነሣሁ። «ከድሮው መንግሥት ወገን የነበሩት ሰዎችስ ምን ሆኑ?» አልኩ። «ብዙዎቹ ካናዳ ሄዱ» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ ካናዳ ከእኛ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እኔ አልሳቅሁም። እናቴ የማንም መንግሥት ወገን አልነበረችም፤ መካኒክ ያገባች ሴት ናት። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ካናዳው የት ነው?

ከቅኝ ግዛት ስለወጣች አንዲት ሀገር ጻፉ ሲለን የእህቴን ሀገር ጻፍኩ። አስተማሪው «ጥሩ ነው፣ መደምደሚያ ግን የለውም» ብሎ መለሰልኝ። መደምደሚያ ፈልጌ አጣሁና እንዳለ ተውኩት። የሥራ ባልደረባዬ፣ እዚሁ አጠገባችን ቡርንስቪል የምትኖረው ኦሮሞ፣ ይህን ስነግራት ከት ብላ ሳቀች። «ሌላው ሰው አገሩን ይጽፋል፣ አንቺ የእህትሽን! ያንቺ የቱ ነው?»

«እሱን ብትነግሪኝ» አልኳት።

«እኔ ልንገርሽ? እኔም በትምህርት ቤት በአማርኛችሁ ተገርፌበታለሁ እኮ። ግን ካንቺ ጋር ሌላ በምን ልጨቃጨቅ? በእንግሊዝኛ ስድብ አይጥምም።»

የኢትዮጵያውያኑ ማኅበርም የኤርትራውያኑም ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ ድሮ በአንድ ለቅሶ ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ከጦርነቱ ወዲህ አዳራሽ ለይተዋል። እዚያ ስሄድ ‹አባትሽ የማን ነው›፣ እዚያኛው ስሄድ ‹እናትሽ የማን ናት› ሲሉኝ ከሁለቱም ቀረሁ። የቀሩኝ ባልደረባዬና ከእኔ በላይ ፎቅ የሚኖሩ አንድ የአሥመራ ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌው መሐል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራሉ፤ «ጓለይ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔም አቦይ፣ አባቴ፣ እላቸዋለሁ።

በክረምቱ ማብቂያ፣ በረዶው ጠቁሮ መንገድ ዳር ሲከመር፣ አንድ እሑድ እህቴ ወደ ስልኩ እየሳቀች መጣች። ለዓመታት ስትጠብቅ የኖረችው ስልክ በሚቀጥለው ሳምንት ቤቷ ይገባል። ቁጥሩን ሰጠችኝ። እናቴ ስትዘጋ ለእኔ ብቻ በትግርኛ እንዲህ አለችኝ፦ «እንዳትነግሪያት። እሑድ በሩን ዘግቼ እኔ ራሴ አናግራታለሁ። በራሷ ቋንቋ። ትደንግጥ! አንቺ እጀታውን አስቀምጪና ቁርስሽን ብዪ፤ አታስፈልጊንም።»

‹አታስፈልጊንም› ከተባልኩ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሳምንቱን ሙሉ አልጋ ሳነጥፍ፣ አረጋውያኑን ሳጥብ፣ የእናቴን ድንጋጤ ነበር የማስበው። መጀመሪያ ‹ሀሎ› ትላለች። ከዚያ ‹ማን ነሽ?› ትላለች፤ ሆን ብላ፣ ልትቀልድባት።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ባልደረባዬ ካፖርቷን እንደለበሰች ቆማለች፤ ከኋላዋ አቦይ፣ በነጠላ። በእጇ ንፍሮ የያዘ ድስት። ሰው በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ የእኛ ሰው ሳይነገረው ያውቃል። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ለእሷ ደውሎ ነበር፤ ለእኔ እንዴት ይደውላል? መርዶ በስልክ አይነገርም። እናቴ ሐሙስ ዕለት፣ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም፣ ዘንበል ብላ ቀርታለች።

ካለቀስኩ በኋላ፣ ባልደረባዬ «ሽፍትሽን እኔ ከቨር አደርጋለሁ፣ ስለ ሥራ አታስቢ» እያለች ጫማዬን ስታወልቅልኝ፣ አቦይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እህትሽስ?»

አሥመራ ወንድም አላቸው። እሱ የእህቴን የባሏን ዘመዶችና ጎረቤቶቿን ፈልጎ፣ አስተባብሮ፣ ጎህ ሲቀድ ይዟቸው ይሄዳል። እስከ ማክሰኞ ይደርሳል አሉኝ።

«ነገ እሑድ ነው አቦይ። ስልክ ትጠብቀኛለች።»

«ካልደወልሽ ትጠረጥራለች። ደውዪና የአዲስ አበባው መስመር እምቢ አለ በያት።»

«ብነግራትስ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ብቻዋን፣ እጀታ ይዛ፣ የሚይዛት ሰው ሳይኖር? ጓለይ፣ ሰው እንዲህ አይገደልም።»

ልክ ነበሩ። ዛሬም ልክ ናቸው እላለሁ፤ ልክ መሆናቸው ግን ምንም አያቀልልኝም።

እሑድ ደወልኩ። ሁለቱም አጠገቤ ተቀምጠዋል። ገና አንዴ እንደጮኸ ተነሣ።

«ሀሎ? እማዬ?»

በአማርኛ። ከሃያ ዓመት በፊት የተውኩት ድምፅ፤ እሷ አድጋለች፣ አማርኛዋ ግን አላደገም፤ ቤት ውስጥ ስንኖር እንደነበረው የልጅ አማርኛ ሆኖ ተቀምጧል።

«እኔ ነኝ እትዬ። የአዲስ አበባው መስመር እምቢ አለ።»

«ሞክሪው እንጂ!»

«ሞከርኩ።»

አቦይ መሬት መሬት ያያሉ።

«ኤጭ! ሳምንቱን ሙሉ ስለማመድ ከረምኩ እኮ። በሩን ዘግቻለሁ፣ መስኮቱንም። እንግዲያው ስሚኝ፣ አንቺ አድርሽልኝ። ምንም እንዳትጨምሪ።»

«አልጨምርም።»

«በያት፣ ልጆቼን በአማርኛ ነው ያስተኛኋቸው። ሲነቁ አይሰሙኝም እንጂ ሲተኙ የእሷን እሹሩሩ ነው የማንጎራጉርላቸው። በያት፣ ያ መምህር ነው እንጂ እሷ አልነበረችም፤ ልጅ ሆኜ ለየሁትም አልለየሁትም፣ አሁን ለይቻለሁ። ደግሞ አሥረኛ ያለችውን ሰምቻለሁ። ቆጥሬዋለሁ በያት። ያዝሽ?»

«ያዝኩ።»

«ድገሚልኝ።»

ደገምኩላት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳላጎድል፣ አጠገቤ ባልደረባዬ በመሐረቧ አፏን ይዛ። ማስተርጎም አላስፈለገም፤ ቋንቋው አንድ ነበር።

«ጎበዝ» አለችኝ እህቴ። «ዛሬ ካልሆነ ነገ ሞክሪ። እንዳይቆይ።»

ማክሰኞ መርዶውን አረዷት። ፎቶግራፎቹ የተሰቀሉበት ቤት እመቤትም አብራ ሄዳ በእቅፏ ይዛት ነበር አሉ። በየትኛው ቋንቋ እንዳለቀሰች አቦይን ጠየቅኋቸው። «ለቅሶ ቋንቋ አለው እንዴ?» አሉኝ። እኔ እንዳለው አውቃለሁ፤ ግን አልተከራከርኩም።

በሚቀጥለው እሑድ ስደውል ቤቷ ሰው ሞልቶ ነበር። በትግርኛ አነሣችው።

«ባለፈው እሑድ ስናወራ ሞታ ነበር?»

«ሞታ ነበር።»

«አንቺስ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

 ከኋላዋ ሰው ወንበር ሲያስጠጋ ይሰማል። «ወግ ነው» አለች በመጨረሻ። «እኔም ብሆን አልነግርሽም ነበር።» ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት እመርጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በአማርኛ ተናግራ አታውቅም፤ በሩ ቢዘጋም። ልጆቿ አንድ በአንድ ወደ ጦር ማሠልጠኛው ሄዱ፤ የዘጠኙ ቋንቋ መዝሙር አሁንም ይዘመራል አለችኝ፣ ክፍሏ ውስጥ የሚዘምሩት ግን ትንንሾቹ ብቻ ናቸው፤ ተለቅ ያሉት ወይ ካምፕ ናቸው ወይ ድንበር አቋርጠዋል። ለእናቴ እንዳደርስ የተቀበልኩት መልእክት እጄ ላይ አለ። አድራሻ የለውም፤ ቢሆንም አንድ ቃል አልጠፋኝም።

እሑድ እሑድ እደውላለሁ። ያቺን ቁልፍ መጫን ቀርቷል፤ መስመሩ አንድ ነው። በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በትግርኛ ትመልስልኛለች።

«እንዴት ነሽ እትዬ?»

«ጽቡቕ ኣለኹ።»

ደህና ነኝ ማለት ነው። ‹በጣም› አላለችም።