ደርቀሽ አደርሽ?

ሰቆጣ በተከራየሁበት ግቢ ጎረቤቴ የልጇን ፍራሽ አውጥታ የቆርቆሮው አጥር ላይ አሰጣችው። የነሐሴ ፀሐይ ከደመናው ብቅ ስትል ሽንት የጠጣው ስፖንጅ መሽተት ጀመረ። «በእሳት ሲጫወት ውሎ ነው» አለችኝ እየሳቀች፤ ልጁ ከኋላዋ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። እኔን የሸተተኝ ግን ስፖንጁ አልነበረም፤ የአክስቴ የእትዬ አዛለች አጎዛ ነበር። የበግ ቆዳ ረጥቦ ፀሐይ ሲመታው እንዴት እንደሚሸት የማያውቅ ሰው ታድሏል።

እትዬ አዛለች የእናቴ ታላቅ እህት ነበረች። ፊት ለፊት አንቱ እላት ነበር፤ በልቤ ግን አንቺ ነበረች፣ አሁንም እንደ ልቤ ልጥራት። እናቴ አረብ አገር ስትሄድ ጋዝጊብላ እሷ ዘንድ ተወችኝ። «አርፈሽ ከጠበቅሽኝ መጥቼ ሰቆጣ አስገባሻለሁ፣ አብረን ሆነን ትማሪያለሽ» ብላኝ ነበር። የምኖረው በዚያ ቃል ነበር። ታዲያ እሷ በሄደች ሰሞን አጎዛውን ማርጠብ ጀመርኩ።

እሳት የነካ ልጅ ይሸናል ይባላል። እትዬ አዛለች ይህን እንደ ወንጌል ነበር የምታምነውና ከምድጃው አራቀችኝ። ልጆቿ እሳቱን ከበው ሲሞቁ እኔ በሩ ሥር፣ ነፋሱ በሚገባበት እቀመጣለሁ። የጋዝጊብላ ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ የበረደው ሰው ደግሞ ሽንቱ ይበዛል። እሷ ግን ባረጠብኩ ቁጥር «ተደብቃ ነክታለች!» እያለች ይበልጥ ታርቀኛለች። ቆይታም ከቀትር በኋላ ውሃ ከለከለችኝ።

ከልጆቿ ለይታ አላበላችኝም፤ ይህን አልክድባትም። ስትቆጣ በኽምጣኛ፣ ስታፌዝ በአማርኛ ነበር፤ እኔ የምፈራው አማርኛዋን ነው። ሌላውን ሁሉ «ደኅና አደርሽ» ስትል፣ እኔን «ደርቀሽ አደርሽ?» ትለኛለች። መልሴን ሳትጠብቅ እጇን ከሥሬ ሰድዳ አጎዛውን ትዳብሳለች። ከዚያ ራሴ ተሸክሜው ሄጄ ገበያ መንገድ ዳር ያለው ካብ ላይ አሰጣዋለሁ። ገበያተኛ ሲያልፍ ጠብቃ «አያችሁልኝ? የዋግ ሰው ውሃ ፍለጋ ቁልቁለት ይወርዳል፣ እኔ ቤት ምንጭ ፈልቆልኛል!» ትላለች። ሰው ይስቃል። ቀልዱ ያስቅ ነበር፤ አጎዛው የሌላ ልጅ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ስሜም «ምንጯ» ሆኖ ቀረ።

ያኔ ኔትወርክ የሚገኘው ከገበያው በላይ ባለው ጉብታ ላይ ብቻ ነበርና የእናቴን ስልክ የምንጠብቀው በገበያ ቀን፣ ሰው መሀል ነው። አንድ ቀን ከቤት ሳንወጣ እግሯ ላይ ወደቅኩ።

«እባክዎ፣ ለእማዬ አይንገሩብኝ። ካወቀች አትወስደኝም።»

ዝም አለችኝ። ዝምታዋ እሺታ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተከተልኳት። ስልኩ ሲጮኽ ግን ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍ አደረገችው።

«ልጅሽ ደኅና ናት» አለች። «ሰቆጣ ልትወስጃት ካሰብሽ ግን አስቢበት። ለሽንታም ማን ቤት ያከራያል?»

ጉብታው ላይ የነበረው ሰው በሳቅ ፈነዳ። እናቴ ትቆጣልኛለች፣ የልጄን ገመና እንዴት ሰው ፊት ያወጣሉ ትላታለች ብዬ ጠበቅኩ።

«እታለም» አለች በመጨረሻ። «እኔን በሳማ አይደል ያስተዉኝ? እሷንም እንደኔው ያርጓት።»

እናቴ በልጅነቷ እትዬ አዛለች እጅ ላይ እንዳደገች አውቅ ነበር፤ እሷም አጎዛ ታረጥብ እንደነበር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

እቤት እንደገባን እትዬ አዛለች እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ከጓሮ ሳማ ቀጥፋ መጣች። ሳማ ጭን ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ የቀመሰ ያውቀዋል። ልጅ ሲመታ የሚጮኸው «እማዬ!» ብሎ ነው። እኔ ጮኼያለሁ፣ እማዬ ማለት ግን አፌ እንቢ አለኝ።

ሽንቴን ተውኩ። እውነቱን ለመናገር የተውኩት እንቅልፌን ነው፤ ሸለብ ሲያደርገኝ ሳማው የበላኝን ጭኔን ራሴ እቆነጥጣለሁ። በመጀመሪያው ደረቅ ጠዋት እትዬ አዛለች አጎዛውን ዳበሰች፣ ደግማ ዳበሰች፣ ፊቷም በራ። «ነይ፣ እሳት ሙቂ» ብላ ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ሙቀቱ ደስ አለኝ፣ እሷም ወደደችኝ ብዬ ደስ አለኝ። ዛሬም ከሳማው ይልቅ የሚያናድደኝ ያ ደስታ ነው። ከዚያ በኋላ ላገኘችው ሰው ሁሉ «አዳንኳት» ትል ነበር፤ እናቴም እንዳለችው መጥታ ሰቆጣ አስገባችኝ።

ባለፈው ዓመት እትዬ አዛለች አረፈችና ለቅሶ ሄድን። ለቀስተኛው «ስንቱን ልጅ ለወግ ያበቃች» እያለ አለቀሰላት። እናቴም አምርራ አለቀሰች፤ እኔ ዕንባ አልመጣልኝም። እዚያው አደርንና ለሁለታችን አጎዛ ጎን ለጎን ተነጠፈልን። ሲነጋ፣ ገና ዓይኔን ሳልገልጥ፣ እጄ እንደ ሁልጊዜው ከሥሬ ገብቶ አጎዛውን መዳበስ ጀምሯል። ዞር ስል የእናቴም እጅ ከጋቢዋ ሥር ወዲያ ወዲህ ይላል። እንዳየኋት አየችኝ።

«ደርቀሽ አደርሽ?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት። «አንቺስ?»