በሲባጎ የተሰፉት ካርዶች

በሞጣ በርበሬ ማስፈጨት የፈለገ ሰው ዑሙሰልማ ያለችበትን ወፍጮ ቤት ይጠይቅ ነበር። ባሏ ሳሊህ ከሞተ በኋላ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ሥራ ነው። አፍንጫዋን በሻሿ ጫፍ ሸፍና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጨች። ደንበኛው በራፍ ላይ ቆሞ ሲያስነጥስ ትስቅበታለች። «እኔንስ ለምዶኛል» ትላለች።

አልለመዳትም። በ2003 ዓ.ም. ክረምት የያዛት ሳል መስከረም ሲጠባም አልተዋትም። የሳንባዋ መተንፈሻ እንደጠበበና ተመልሶ እንደማይሰፋ ሐኪሞች ነገሯት። አንድ ቀን ሲብስባት የሄደችበት ክሊኒክ ትንንሽ ነጭ ኪኒን ሰጣት፤ በሦስተኛው ቀን ትንፋሿ ተከፈተ። ኪኒኑን ወደደችው። ከዚያ ወዲህ ደረቷ በታፈነ ቁጥር ራሷ እየገዛች ትውጥ ጀመር።

በ2006 ውሃ ጥሙ መጣ። ጆግ ሙሉ ጠጥታ ወዲያው ሌላ ታስቀዳለች። ቀሚሷ ሰፋት። ብትመረመር ስኳር ነው ተባለች።

ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ደረቷ ሲታመም ኪኒኑ ስኳሯን ያንረዋል፤ ስኳሯ ሲንር ደግሞ ደረቷ ላይ ያረፈው ጉንፋን አልለቅ ይላል። በምትታከምበት ቦታ ግን ሁለቱ በሽታዎች የሚተዋወቁ አይመስልም ነበር። የሳንባ ቀጠሮዋ ማክሰኞ፣ የስኳሩ ሐሙስ፤ ካርዱም ሁለት።

«ስኳሬስ?» ስትል፣ «እሱን ሐሙስ ይጠይቁ» ይሏታል።

ነሐሴ 2008 ትንፋሿ ተያዘ። የአምስት ቀን ኪኒን ታዘዘላት፤ ስለ ስኳሩ ማንም ትንፍሽ አላለም። በአራተኛው ቀን ልጇ ዘሚራ ብትጠራት አልመልስ አለች። በባጃጅ ሆስፒታል አደረሷት። ስኳሯን ሲለኩላት መሣሪያው ከልክ ስላለፈበት ቁጥር እንኳ ማውጣት አቃተው። ዘጠኝ ቀን ተኛች።

ወንድሟ ሙሂዲን የእህል ንግዱን ትቶ ከቢቸና መጣ።

«እህቴ፣ በቃሽ። ቤትሽ ቁጭ በይ፤ እኛ አለንልሽ። ከአላህ ጋር አትታገይ» አላት።

«ከአላህ ጋር ማን ታገለ?» አለች፣ በየቃሉ መሀል እየተነፈሰች። «የምታገለው ከማክሰኞና ከሐሙስ ጋር ነው።»

ቤቷ እንደገባች ዘሚራን የጆንያ መስፊያ መርፌና ሲባጎ አስመጣቻት። ሁለቱን ካርዶች ደርባ ዳር ዳሩን ጥብቅ አድርጋ ሰፋቻቸው። ማክሰኞ ይዛቸው ሄደች።

የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ አገላብጦ አየው። «እማማ፣ ይሄ እኮ የሁለት ክፍል ካርድ ነው። ልፍታው።»

«እጅህን አንሳ! ሁለት ሰው ሆኜ የመጣሁ ቀን ትለየዋለህ። ሳንባውም ስኳሩም ያለው እዚሁ ገላዬ ላይ ነው!»

ሰልፉ ሁሉ ዞረ። ዑሙሰልማ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ሁለቱን አንድ ላይ የሚያነብላት ሰው ካልመጣ አልነሳም አለች። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ አካለ ወልድ የሚባል ወጣት የጤና መኮንን ወጣ፤ ካርዶቹን ተቀብሎ ቆሞ አነበበ።

«ኪኒኑን ሲጀምሩ በየቀኑ ስኳርዎን የለካልዎ የለም?»

«አልነበረም። ከእንግዲህ ግን ይኖራል።»

በካርዱ የፊት ገጽ ላይ በትልቁ ጻፈላት፦ ይህ ኪኒን ሲታዘዝ ስኳሯ በየቀኑ ይለካ፤ ኢንሱሊኗም እንደ ልኩ ይስተካከል። ቀጥሎ ቀና ብሎ አያት። «እርስዎም ጥፋት አለብዎት። በራስዎ እየገዙ መዋጥ ይቅር። ወፍጮውም ይቅር።»

ስለ ኪኒኑ እሺ አለች። ወፍጮውን ለመተው ግን ሁለት ቀን ፈጀባት። በሦስተኛው ቀን የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ ለባለቤቱ መለሰችና ገበያ ውስጥ የቅመም መደብ ያዘች።

በ2010 ክረምት ደረቷ እንደገና ተነሣባት። ኪኒኑን በጀመረችበት ቀን ማታ ሲለካ ስኳሯ መውጣት ጀምሮ ነበር፤ በማግሥቱ አካለ ወልድ ኢንሱሊኑን ጨመረላት። በሳምንቱ መደቧ ላይ ተመለሰች።

ሳንባዋ አልዳነም፤ እንደማይድንም ታውቃለች። መራመድ ለሳንባውም ለስኳሩም ይበጃል ስለተባለች ገበያ የምትሄደው በእግሯ ነው። ዳገቱ ላይ አራት ጊዜ ትቆማለች። ባለ ባጃጆቹ አዝነው ሲጠጉ በእጇ ትመልሳቸዋለች።

«ምን ታዩኛላችሁ? አረፍኩ እንጂ አልወደቅሁ!»

ትንፋሿ ሲመለስ ነጠላዋን አጥብቃ መንገዷን ትቀጥላለች።